ከአጥሩ ኋላ የቆመችው ቮልስ

ጉዳዩ ያስወጣኝን መጀመሪያ ልናገር፤ ነጋዴ ዋጋ ሳይጠራ ወሬ አይጀምርም። አምስት ላም፣ በሰው ሻንጣ ከዱባይ የመጣ አንድ ጎማ፣ እና ፊት ለፊቴ የሚኖር ጎረቤት ጠዋት ጠዋት ይወረውርልኝ የነበረ ሳቅ። ላሞቹን በዓይኔ አላየኋቸውም፤ በገንዘብ ተምኜ ነው የከፈልኳቸው። ጎማውንም በወሩ ረሳሁት። ይህን የሚያስጽፈኝ ሦስተኛው ነው።

ጁባ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ የመኪና መለዋወጫ እሸጥ ነበር። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ጎዳናው አስተማረኝ። የገባሁት አገሪቱ ነጻ በወጣች በጥቂት ወራት ውስጥ ሲሆን ያኔ የማይሸጥ ነገር አልነበረም። ገበያው መጀመሪያ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ዕቃ ልትገዛ ስትሄድ አሮጌ ሸሚዝ መልበስን ነው። ሰዓትህን ኪስህ ትከታለህ፣ ጫማህን አታስጠርግም። ሻጭ ዋጋውን የሚያነበው ከገዢው ላይ ነውና። እኔ ሽንኩርት ልገዛ እንኳ ስወጣ ይህን አልዘነጋም። ይህን የማያውቅ ሰው ቢሳሳት ምን ይደረጋል። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ንያኩሮን የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ፊት ለፊቴ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ ይኖራል፤ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሰርቬየር ነው። ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ደመወዙን የማያወራ። ጓደኞቹ በመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር ሲንፈላሰሱ እሱ ከአንድ የተዘጋ ግቢ ውስጥ፣ የማንጎ ቅጠል የቀበራትን ቮልስ ገዝቶ መጣ። ጁባ በካርቱም ስትገዛ በነበረበት ዘመን አንድ ነጋዴ ይዟት መጥቶ ጥሏት ሄደ አሉ። ስትመጣ በሰው ትከሻ ነው የመጣችው፤ ስምንት ሰው ገፍቷት።

«ይቺን ለምን ገዛሃት? ዶሮ ልታረባባት ነው?» አልኩት።

«ሞተሯ ይዞራል፤ በእጄ አዙሬ አይቻታለሁ።»

«የኔም አንገት ይዞራል፤ ማን ገዛኝ?»

ሳቀ። ያ ሳቁ ነው እንግዲህ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁድ ከሥሯ ተኝቶ ዋለ። ካንዴላውን፣ የፍሪሲዮን ሽቦውን፣ የበሩን ላስቲክ ሳይቀር ከካምፓላ ያስመጣሁለት እኔ ነኝ። ጎረቤት ነው ብዬ አልቀነስኩለትም። የእርጎ መልክ ቀለም ቀባት፤ ጥርት ያለ ሳይሆን ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላ። ጠዋት ሲያስነሳት ግቢው በሙሉ ይነቃል፤ ያ የቮልስ ድምፅ፣ የልብስ ስፌት መኪና በርሜል ውስጥ የገባ የሚመስለው።

እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሌላ መኪና እጄ ላይ ነበር። አንድ ባለሆቴል በነጻነቱ ሰሞን ሞቅ ብሎት ያስመጣው ባለሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ነው፤ ቀይ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ። መሪው በቀኝ፣ በሞምባሳ በኩል የገባ። በኋላ የአገሪቱ የነዳጅ ሽያጭ ተቋርጦ ዶላር ሲጠፋ ሆቴሉ ባዶ ቀረና ባለቤቱ «በኮሚሽን ሽጥልኝ» ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ለጁባ መንገድ እንዲህ ያለ መኪና ማምጣት ለዓሣ ጫማ መግዛት ነው። ቢሆንም አንድ ጊዜ ከገባህበት መውጣት አያሰኝም፤ ጋዙን ነካ ስታደርግ ጀርባህን ወንበሩ ላይ ይለጥፍሃል፤ አስፋልቱ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ ያይሃል። አስፋልቱ ባጭሩ ነው የሚያልቀው፤ እዚያ ስትደርስ ታዞርና እንደገና ትመለሳለህ።

ሁለቱንም ነድቻለሁና ላወዳድር እችላለሁ። የሁለቱም ሞተር ከኋላ ነው፤ መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል። ቮልሷ ካምቢዮዋን ለማግኘት ልምድ ትፈልጋለች፤ ቀዩ ጣትህን ብቻ ነው የሚፈልገው። ቮልሷ በንፋስ ስለምትቀዘቅዝ ውሃ አትጠይቅም፤ ቀዩ በጁባ ሙቀት ተሰልፎ ሲቆም ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ያስጨንቃል። በቮልሷ ስትሄድ የሚያውቅህ ሰው እጁን ያነሳልሃል። በቀዩ ስትሄድ የማያውቅህ ሰው ያፏጭልሃል። እኔ ያኔ ፉጨቱ ነበር የሚጥመኝ።

ልጁ አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ፣ ያላዘዘውን ዕቃ እያነሳ እያስቀመጠ ቆየና፣ «ሽማግሌ ሁነኝ» አለኝ።

ልጅቷን አውቃታለሁ። የዚሁ አገር ልጅ ናት፤ ቤተሰቧ በስደት አዲስ አበባ ሲኖር እዚያ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከእኔ የጠራ፣ አንድ ባንክ የምትሠራ። አባቷ ከነጻነቱ በፊት ተመልሰው ጀበል ኩጁር በኩል ቤት ሠርተዋል። የአባቷ ታናሽ ወንድም ግን ከአገር ወጥተው አያውቁም፤ ባለ ብዙ ከብት ናቸው፣ በአገራቸው ወግ ወንዱ ለልጅቷ ቤተሰብ በሚከፍለው የከብት ጥሎሽ ዋናው ቃል የሳቸው ነው። ልጁ እናትና አባቱ ሩቅ ስለሆኑ፣ እንደኛ ወግ ሽማግሌ ልኮ ማስጠየቅ ፈለገ። ከልጅቷ ወገን በወሬ ወሬ የከብቱ ቁጥር ሠላሳ እንደሚሆን ተሰምቷል። ሁለት ዓመት እቁብ የገባው፣ ከሳምንት ሳምንት ሽሮ የበላው ለዚህ ነው።

አጎትየው ባለ ብዙ ከብት መሆናቸውን ስሰማ ውስጤ ያለው ደላላ ብድግ አለ። ቀዩን መኪና ማን ይገዛል እያልኩ ስንት ቀን አስቤያለሁ! በሌላ ጊዜ ደጃቸው ብሄድ ማን ያስገባኛል? እዚህ ግን በክብር ተቀብለው ወንበር ያወጡልኛል። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። ለሱ የነገርኩት ሌላ ነው፦

«በዚያች ቮልስ ሽማግሌ አይላክም። ምን ይሉሃል? በቀዩ ነው የምሄደው።»

«አይ፣ እሷ እኮ ለአባቷ ስለ…» ብሎ ጀመረ።

«ለኔ ተወው አልኩህ! ስንት ዓመት ሰው ሳሳምን ነው የኖርኩት።»

ተወው። የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ያኔ ባስጨርሰው ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ሦስት ሽማግሌ ነበር የታሰብነው፤ አንዱን ወባ ጣለውና ሁለት ቀረን። ሌላው፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ረጅም መንገድ ከባድ መኪና ሲነዱ የጨረሱ አረጋዊ ናቸው። እሁድ ከቀትር በኋላ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡና ቀዩን መኪና ዞር ዞር ብለው አዩት።

«በዚህ ነው የምንሄደው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ልመና ነው የምንሄደው ወይስ ዘረፋ?»

«ክብር ነው ጋሼ፣ ለልጁ ክብር።»

አንድ እግራቸውን አስገብተው ሞከሩት። ወንበሩ ወደ ኋላ የተንጋለለ ነው። «እኔ ሞቼ ስወሰድ ነው ተኝቼ የምሄደው» አሉና ወጥተው የቮልሷን ቁልፍ ከልጁ እጅ ተቀበሉ። እንዲህ ሆነን ሄድን፤ እኔ በቀዩ ከፊት፣ እሳቸው በቮልሷ ከኋላ።

ክረምት ነው፤ ሌሊቱን ዘንቦ አድሯል። አስፋልቱ እስኪያልቅ ድረስ ንጉሥ ነበርኩ። ወደ ጀበል የሚወስደው ቀይ አፈር ላይ ስንደርስ የመኪናው ሆድ ድንጋዩን ይፍቅ ጀመር፤ እያንዳንዷ ጭረት ከኮሚሽኔ ላይ ስትላጥ ይሰማኛል። አንዲት ኮር፣ በበጋ ደርቃ በክረምት የምትሞላ ቦይ ናት፣ መሻገሪያዋ ላይ ቀዩ ተቀረቀረ። ጋዝ በሰጠሁት ቁጥር ጭቃ እየረጨ ይሰምጣል። ቦዳቦዳ የሚነዱ ወጣቶች ሞተራቸውን አቁመው ተሰበሰቡ። ጋሼ ቮልሷን በጎን በኩል በደረቁ ይዘው ተሻገሩ፤ ገመድ አወጡ፤ አሰሩ። ሞተሯ ከኋላ ስለሆነ ጎማዋ መሬቱን ቆንጥጦ ይይዛል። ጎተተችኝ። አንዱ ቦዳቦዳ ነጂ «ሐበሺ! አያትህ የልጅ ልጇን እየጎተተች ነው!» ብሎ በዓረብኛ ሲጮህ ሁሉም ተንከተከቱ። ገመዱ ላይ ተንጠልጥዬ፣ ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ መሪ ይዤ፣ የትም የማልነዳ ሰው ነበርኩ።

እዚያ ላይ ትምህርት ሊገባኝ ይገባ ነበር። የገባኝ ግን ሌላ ነው። ከቤቱ በፊት መታጠፊያው ላይ የቀርከሃ አጥር አለ። ወረድኩና፣

«ጋሼ፣ ቮልሷን እዚህ አጥሩ ኋላ ያቁሟት» አልኩ።

«ለምን?»

«ጭቃ ሆናለች።»

«ያንተ ጭቃ ነው» አሉኝ። አቆሟት ግን። ቀዩን በመሐረቤ ጠራርጌ በር ላይ ገተርኩት።

አባትየው ራሳቸው ወጥተው ተቀበሉን፤ ረጅም፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። «ግቡ፣ ግቡ! እንዴት ናችሁ?» አማርኛቸው ስደተኛ ሆነው የተማሩት ሳይሆን የኖሩበት ነው። ከማንጎው ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። ጋሼ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ።

«ጉዳያችንን ሳትሰሙን አንቀመጥም።»

አባትየው ፈገግ አሉ፤ ወጉን ያውቁታል። አጎትየው ግን ወደ ወንድማቸው ዞረው በቋንቋቸው ጠየቁ፤ በኋላ እንደተነገረን «ወንበሩ ቆሽሿል እንዴ?» ነው ያሉት። ሲብራራላቸው ጭናቸውን መትተው ሳቁ። ጋሼ ተናገሩ፤ «ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን ብለን ለምነን መጥተናል» አሉ። ልጁ ምን አለው ሲባሉ «ሥራ አለው፣ ጤና አለው፣ ትዕግሥት አለው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ንግግር ሰምቼ አላውቅም፤ ግን በሙሉ አልሰማሁትም፤ ምክንያቱም አጎትየው ተነስተው ወደ ቀዩ መኪና እየሄዱ ነበር፣ እኔም ተከተልኳቸው።

መኪናውን ዳበሱት። በጁባ ዓረብኛ፣ «አራቢያ ዳ ታ ሙኑ?» አሉኝ። ይህ መኪና የማን ነው?

እውነቱን ብናገር ምን ይመጣል? «የባለሆቴል ነው፣ እየሸጥኩት ነው» ብል አለቀ። ነገር ግን ነጋዴ ነኝ፤ ገዢ የጠፋለት መኪና ዋጋው ይወርዳል፣ ባለቤቱ የሚወደው መኪና ግን ሰው ያስጎመጃል። ደግሞ፣ እዚህ መዋሸት አይገባኝም፣ «የኛ አይደለም» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ ያን ሁሉ ፉጨት የሰማሁበትን መኪና።

«የልጁ ነው» አልኩ። «በጣም ይወደዋል። በጥሩ ዋጋ ግን…»

«ሰመህ» አሉ። ጥሩ። ኮፈኑን ሁለቴ መታ መታ አድርገው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። እኔም ገዢ አገኘሁ ብዬ ልቤ ሞቀ። ሚስት ልጠይቅ ሄጄ፣ ሽንኩርት ስገዛ የማልረሳውን ነገር ረሳሁት።

አጎትየው በቋንቋቸው ረዘም አድርገው ተናገሩ። አባትየው መሬት መሬት እያዩ ተረጎሙ።

«ወንድሜ ሠላሳ ብለን የነበረው የልጁን አቅም ሳናውቅ ነው ይላል። አሁን አይተናል። ስልሳ ይሁን ይላል። ወይም ሠላሳውና መኪናው።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓረብኛ አይሰሙም፣ መኪናው ጋ ምን እንደተባለ አያውቁም። አባትየው ቀና ብለው አዩኝ። ወደ አጥሩ ኋላ አየት አደረጉና፣

«ሌላ የምትነግሩን ነገር አለ?» አሉ።

«የለም፤ ተመካክረን እንመለሳለን» አልኩ።

«ምንም?»

«ምንም፣ አባታችን።»

ሻይ ቀረበልን፤ ጠጣን፤ ወጣን። ስንመለስ ያንኑ ድንጋይ ስረግጥ የቀዩ ጎማ ፈነዳ። ጁባን ብታስስ የዚያ ዓይነት የስፖርት መኪና ጎማ አይገኝም፤ መኪናው ሰው ቤት ደጅ ሳምንት ቆሟል። ቮልሷ ውስጥ ገባሁ። ጋሼ እየነዱ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። አስፋልቱ ላይ ሲወጡ ካምቢዮ ቀየሩ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ ሲባል ለሴቶች ብቻ የተባለ መስሎህ ነበር?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እኮ ሽማግሌ ይዤ የሄድኩ መስሎኝ። ጋቢ የለበሰ ደላላ ኖሯል ያስከተልኩት።»

ልጁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀናል። ጭቃ የነካትን ቮልስ ሲያይ ፊቱ በራ።

«ወደዷት?»

«ማንን?»

«ቮልሷን ነዋ! አባቷ እኮ ሊያዩዋት እየጠበቁ ነበር። እሷ ስለ ቮልሷ ነግራቸው፣ ‹ያንን ልጅ ሳላየው መኪናውን ልየው› ይላሉ አለችኝ። ልነግርህ ስል ለኔ ተወው አልከኝ።»

የተባለውን ነገርኩት። «ስልሳ?» አለና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ኖሮ መልስ ነበረኝ።

ጋሼ በሦስተኛው ቀን ክንዴን ይዘው ወደ አባትየው ወሰዱኝ። በቮልሷ ነው የሄድነው፤ በር ላይ ነው ያቆምናት። አባትየው ማንጎው ሥር ብቻቸውን ሬዲዮ ይሰማሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መኪናው የማን እንደሆነ፣ ለምን እንደዋሸሁ፣ ለማን ልሸጠው እንዳሰብኩ። ሬዲዮውን አጠፉ።

«ያን ቀን ድምጿን ሰምቼ ነበር» አሉ። «አዲስ አበባ ስገባ የመጀመሪያ አሠሪዬ ቮልስ ነበረችው። መንዳት የተማርኩት በሷ ነው። ድምጿ አይደበቅም እኮ። መጣች መጣች ብዬ ተነስቼ ቆምኩ፤ ከአጥሩ ኋላ ጠፋች። አሁን ይዘዋት ይገባሉ እያልኩ ስጠብቅ ነበር።»

እኔ ጋቢዬን አጣጥፋለሁ፣ እዘረጋለሁ።

«ታውቃለህ ምን አልኩ? በገዛ ንብረቱ ያፈረ ልጅ ነገ በልጄም ያፍራል አልኩ። እንቢ ልላችሁ ነበር። ስልሳም ብታመጡ።»

«እሱ አይደለም ያፈረው፣ አባታችን። እኔ ነኝ።»

«አሁን ነገርከኝ» አሉ። ተነስተው በር ወጡ፣ ቮልሷን ከፍተው ገቡ፣ መሪውን ይዘው ተቀመጡ። ሞተሩን አላስነሱም። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ፣ «ልጁን ራሱን ላኩት» ብቻ ነው ያሉት።

ልጁ ሄደ፤ ልጅቷን ሰጡት። ቁጥሩም ወደ ሠላሳ ተመለሰ። አጎትየው ግን በቤተሰብ ጉባኤ ፊት ስለተዋሹ ቅጣት ጠየቁ፤ አስር ላም። ወግ ነው፣ ትክክልም ነው። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ያልተናገረ ሰው አልነበረም። እኔም አልካድኩም። ነገር ግን ሰውን ማሳመን ሥራዬ ነው፣ ክፉ ልማድ ደግሞ በኀፍረት አይለቅም፤ ግቢያችን ውስጥ ልጁን አስቀምጬ ተከራከርኩት።

«ሚስት የምታገኘው አንተ ነህ። እኔ ጎማ ከስሬያለሁ፣ ገበያው ሞቷል፣ ታውቀዋለህ። እኩል እንካፈል።»

አየኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም፤ የገዛው ዕቃ ቤት ሲደርስ ተሰብሮ ያገኘው ሰው አስተያየት ነው።

«እሺ» አለ። «እንዳሉ ይሁን።» ከዚያን ቀን ጀምሮ «እርስዎ» እያለ ይጠራኛል።

ጨርሶ የተጠራቀመ ገንዘብ አልነበረውም፤ ያለው ለሠላሳው ሄዷል። ቮልሷን ሸጣት። የገዛው ያው ባለሆቴል ነው፤ ባዶ የቀረው ሆቴሉ እንግዳ ይስብ እንደሆነ ብሎ ለበሩ ማሳመሪያ ፈልጓት። ያገናኘኸን አንተ ነህ ብሎ ባለሆቴሉ ኮሚሽን ዘረጋልኝ። «አይ፣ በዚህስ አልቀበልም» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። እጄ ቀደመኝ።

ሰርጉ ንያኩሮን አዳራሽ ውስጥ ተደረገ፤ ከበሮው ግቢያችን ድረስ ይሰማል። ጋሼ በነጭ ጋቢያቸው ሄደዋል። ልጅቷ ከሰርጉ በኋላ አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆማ፣ «ጋሼ፣ አባዬ ሰላም ብሎዎታል፤ ድምጿን ናፍቆታል» አለችኝ። አማርኛዋ በጣም ለስላሳ ስለነበር ስድብ ይሁን አይሁን አላወቅኩም። ምናልባትም ስድብ አልነበረም።

ባለሆቴሉ ጋ ሄጄ ቮልሷን መልሼ ልግዛት ብዬ ነበር፤ ለአባትየው ደጅ ወስጄ ላቆማት። ዋጋውን ጠራ፤ ከገዛበት እጥፍ ነው። ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ ነበረኝ። «አስብበታለሁ» አልኩት። ያን ቀን አሮጌ ሸሚዝ ለብሼ ነው የሄድኩት፤ ሕጉን አልረሳሁትም። ጁባን ለቅቄ እስክወጣ ድረስ እያሰብኩበት ነበር።

ሂሳቡ ይኸው ነው። ቀዩ መኪና በጭነት ወደ ካምፓላ ሄደ። ቮልሷ ሆቴሉ በር ላይ ቆማለች፤ ሞተሯ ወጥቶ ውስጧ አበባ ተተክሎባታል። ልጁና ልጅቷ ተጋብተዋል። ቅጣቱ አስር ላም ነበር፤ አምስቱን እኔ ከፍያለሁ፣ አምስቱን ቮልሷ ከፍላለች።